የአራሹ መሬትና የአራሹ ቃል፤ ከላጉና እስከ ለቡ

በእርሻ ላይ በቆመ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚነሣ የፖለቲካ ጥያቄ ሁሉ ውሎ አድሮ የመሬት ጥያቄ ሆኖ መገኘቱ ታሪክ ደጋግሞ ያረጋገጠው ሐቅ ነው። መሬቱ በማን እጅ ነው? ምርቱ ወደ ማን ጎተራ ይገባል? ስለ መሬቱም ሆነ ስለ ምርቱ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው የተጋመዱ ቢሆኑም አንድ ላይ አይመለሱም። የመጀመሪያው ሲመለስ ሁሉም የተመለሱ ይመስላል፤ ሰልፍ ይወጣል፣ ከበሮ ይመታል፣ አራሹም በእርግጥ ደስ ይለዋል። ሦስተኛው ግን በሆታው መሐል ሳይነሣ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናተኩር የምንሻው በዚሁ በሦስተኛው ላይ ነው።

ጉዳዩን የምንመረምረው በአንድ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ሥራ በኩል ነው። አቶ ዘገየ አስፋው የሕግ ባለሙያ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስትር ነበሩ፤ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወሳ ከአርቃቂዎቹ መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ይነሣል። ግለሰብ ብቻውን ታሪክ እንደማይሠራ እናውቃለን። የገበሬው ምሬት፣ የተማሪው ሰልፍ፣ የወሎ ረሀብና የወታደሩ ማጉረምረም ባይኖሩ ኖሮ የሕግ ባለሙያው ብዕር ወረቀት ከማጥቆር የዘለለ ፋይዳ ባልኖረውም ነበር። ይሁንና ሕዝብ ለዘመናት የጮኸውን ጩኸት በአንቀጽ ከፋፍሎ፣ ለጠበቃና ለዳኛ መሽሎኪያ ሳይተው፣ በሕግ ቋንቋ ማስፈር ራሱን የቻለ ትግል መሆኑን መካድ አይገባም።

በለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ሠራተኛ፣ «እኔ ማረሻ ጨብጬ አላውቅ፤ የመሬት ላራሹ ነገር ዛሬ ምኔ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከእግሩ ሥር ነው። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ፎቅ በፎቅ የሆነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃና የግቢው አጥር የተደረደረበት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይዞ የሚያስቀረው ጥቁር አፈር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጤፍና ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበት የነበረ ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት የነበረው ገበሬ በ1967 ዓ.ም. ከባለርስቱ ነፃ ወጣ። ያው ገበሬ ወይም ልጁ በሌላ ዘመን በሌላ ምክንያት ከማሳው ተነሣ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ምን እንደሆነ ማወቅ ለከተማው ነዋሪ የራሱን ሰፈር ታሪክ ማወቅ ነው።

ወደ አገራችን ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ግን እግረ መንገዳችንን ሜክሲኮ ደርሰን እንመለስ። ነገሩ ለለቡ ነዋሪ ሩቅ አይደለም፤ ወደ መሐል ከተማ ለሥራ ሲመላለስ ሜክሲኮ አደባባይን ዘወትር ይረግጠዋል። ታክሲ ለመያዝ ሲጋፋ የስሙን አመጣጥ የሚያስብበት ጊዜ እንደማያገኝ ይገባናል። ስሙ የተሰጠው በምክንያት ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ታላላቆቹ መንግሥታት ወረራውን እንደ ሕጋዊ ድርጊት ለመቀበል ሲሽቀዳደሙ፣ እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በሜክሲኮ ከተማም በበኩሉ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ ይገኛል፤ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ላዛሮ ካርዴናስ ናቸው። በአገራቸው ገበሬ ዘንድ የሚታወቁት ግን ከሁሉ በፊት በመሬት ጉዳይ ነው።

ካርዴናስ እ.ኤ.አ. በ1895 ሚቾዋካን በተባለው ግዛት ሂኪልፓን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ቤተሰብ ለመርዳት በግብር መሥሪያ ቤትና በማተሚያ ቤት ሠርተዋል። ገና ወጣት ሳሉ ወደ አብዮቱ ጦር ገቡ። የሜክሲኮ አብዮት በ1910 የፈነዳው መሬት በጥቂት ታላላቅ ባለርስቶች እጅ በመከማቸቱ ነበር፤ ኤሚሊያኖ ዛፓታ በ1911 ያወጀው ዕቅድ የተነጠቀው መሬት ለመንደሮቹ እንዲመለስ ጠየቀ። በ1917 የወጣው ሕገ መንግሥትም በ27ኛው አንቀጹ መሬት በመሠረቱ የአገሪቱ መሆኑን ደነገገ። ሕጉ ተጻፈ። ዛፓታ ግን በ1919 በወጥመድ ተገደለ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ገዢዎች አብዛኞቹ አንቀጹን በአንደበታቸው እያወደሱ መሬቱን በጭልፋ ነበር የሚያካፍሉት። ካርዴናስ እ.ኤ.አ. በ1934 ሥልጣን ሲይዙ አንቀጹ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ነበር ማለት ይቻላል፤ አድጓል፣ ነገር ግን አይራመድም።

በስድስት ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት አከፋፈሉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ ተደምረው ያን ያህል አላደረጉም። የበለጠ የሚያስደንቀን ግን አሠራራቸው ነው። ላጉና በተባለው የጥጥ አምራች አውራጃ የእርሻ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1936 የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ቀደም ሲል የነበረው ልማድ ጦር መላክ ነበር። ካርዴናስ ግን ራሳቸው ወደ ስፍራው ሄደው መሬቱ ለሠራተኞቹ ሲታደል በቦታው ተገኙ። መሬት ያለ ገንዘብ፣ ያለ ውኃና ያለ ዘር ደረቅ ስጦታ መሆኑን ስለተረዱም ለጋራ ይዞታዎቹ የሚያበድር ባንክ አስቀድሞ በ1935 አቋቁመው ነበር። በቻፑልቴፔክ ቤተ መንግሥት መኖርን እምቢ ብለው ሕንፃው ሙዚየም እንዲሆን አደረጉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የምንለው አንድ ትንሽ የሚመስል ትእዛዝ አለ። የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆኑና ማንኛውም ገበሬ ብሶቱን በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ እንዲልክ አዘዙ። ባለርስቱ መልእክተኛ ነበረው፣ ጠበቃ ነበረው፣ በዋና ከተማው ዘመድ ነበረው። ገበሬው ግን ቃሉን የሚያሻግርበት አልነበረውም። ካርዴናስ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ለአራሹ ለመስጠት ከሞከሩት ጥቂት መሪዎች አንዱ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ሙከራው ግን እርሳቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ምን ሆነ? በ1938 የተመሠረተው የገበሬዎች ብሔራዊ ኮንፌዴሬሽን የገዢው ፓርቲ አንድ ክንፍ ሆነ። ለገበሬው ቃል አቀባይ ይሆናል የተባለው ድርጅት ከላይ የተወሰነውን ወደ ታች የሚያወርድ፣ በምርጫ ቀን ድምፅ የሚሰበስብ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ባንኩም ምን እንደሚዘራና ለማን እንደሚሸጥ እየወሰነ ከአበዳሪነት ወደ አለቃነት አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1992 አንቀጽ 27 ሲሻሻልና መሬት ማከፋፈል ሲያበቃ፣ የጋራ ይዞታውም በኪራይና በሽያጭ ሊተላለፍ ሲፈቀድ፣ የገበሬው ድርጅት የሚያስቆመው ኃይል አልነበረውም። ካርዴናስ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላረፉ ይህን አላዩም።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በተለይ በደቡብና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የጭሰኛው ኑሮ እንዴት እንደነበረ የዕድሜ ባለጸጎች ያስታውሳሉ። ሲሶ ወይም እኩል ማካፈል፣ አሥራት፣ ለባለርስቱ እህል ማጓጓዝ፣ አጥር ማጠር፣ ግብር ሲበላ ማገዶ ማቅረብ፤ ይህ ሁሉ የሚከፈለው በቃል በሚታሰር ውል ስለነበር ባለመሬቱ በተቆጣ ቀን ጭሰኛው ልጆቹን ይዞ ይወጣ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ የጠየቁት ይህ እንዲያበቃ ነው። መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርን አቋቋመ። ሚኒስቴሩ በየጠቅላይ ግዛቱ የይዞታ ጥናት አካሄደ፤ የጭሰኛን ውል የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅም ወደ ፓርላማ ተላከ። ፓርላማው በአብዛኛው የተያዘው በባለመሬቶች ነበርና ረቂቁ ዓመት በመጣ ቁጥር እየተነሣና እየተጣለ ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። ዳኛውም ከሳሹም ያው ሰው በሆነበት ሸንጎ ከዚህ ሌላ ፍርድ ሊጠበቅ አይችልም ነበር።

አቶ ዘገየ በሚኒስትርነት የተረከቡት መሥሪያ ቤት እንግዲህ መሳቢያው በጥናት የተሞላ፣ እጁ ግን የታሰረ መሥሪያ ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል መሬት በመጠን ተገድቦ በግል እጅ ይቆይ የሚሉም አልታጡም። ያሸነፈው ግን ሥር ነቀሉ ሐሳብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። በጉልበቱ ሊያርስ የፈቀደ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት አገኘ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር፣ በቀድሞው መለኪያ ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ከነዕዳውና ከነግዴታው ተሻረ። አቅም ለሌላቸው፣ ለመበለቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ካልሆነ በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ቀረ።

የአዋጁን ሥር ነቀልነት የሚመሰክሩት እነዚህ አንቀጾች ናቸው፤ እኛ ግን የአርቃቂው ብልኅነት ይበልጥ የሚታየው ስለ ገበሬ ማኅበር በተጻፈው ክፍል ነው እንላለን። ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን ቦታ ላይ ያሉ ገበሬዎች በአንድ ማኅበር ይደራጃሉ፤ መሬቱን የሚያከፋፍለው ከአዲስ አበባ የሚላክ ሹም ሳይሆን ይኸው ማኅበር ነው፤ የመሬት ክርክርንም የሚያየው ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጠ የፍርድ ሸንጎ ነው። ይህ ማለት በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭሰኛ የነበረ ሰው ስለ ማሳው ወሰን የመጨረሻውን ቃል እንዲናገር በሕግ ተፈቀደለት ማለት ነው። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም ማኅበራቱን በማቋቋም ብዙ ደከሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማኅበራቱ ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ሆነ። የከተማው ነዋሪ ማኅበር ራሱ የዚህ ታናሽ ወንድም መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይሏል፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ያቋቋመው የገጠሩን አርአያ ተከትሎ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከሜክሲኮው ጋር ሲነጻጸር የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያውን የሚቆጣጠር መንግሥታዊ ድርጅት ተቋቋመ። እየዋለ ሲያድር ገበሬው በኮታ እህል ማስረከብ ግዴታው ሆነ፤ ዋጋውም ነፃው ገበያ ከሚከፍለው በታች ሆኖ ከላይ ይተመን ጀመር። ኮታውን ለየገበሬው የሚደለድለው፣ ያላስረከበውንም የሚቀጣው ማን ነበር? ያው ገበሬው የመረጠው ማኅበር ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ወጣቱን እየመለመለ የሚያቀርበው ይኸው ማኅበር ሆነ፤ በከተማውም ቀበሌው። አብዛኛው የመንግሥት የእርሻ መዋዕለ ንዋይ ወደ መንግሥት እርሻዎች ሲፈስ፣ የአገሪቱን እህል በአብዛኛው የሚያመርተው ግለሰብ ገበሬ የተረፈውን ይጠብቅ ነበር። ቀጥሎም መንደር ምሥረታው መጣ፤ ገበሬው የት እንደሚያርስ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያድርም ይነገረው ጀመር።

ስለዚህ በመሬቱ ላይ ባለርስት የለም፤ ይህ እውነት ነው፤ ታላቅም ድል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ያን ድል ማናናቅ የጭሰኝነትን ኑሮ አለማወቅ ነው። ሆኖም በሸንጎው የገበሬው ቃል በገበሬው ማኅተም ታሽጎ ወደ ላይ መሄዱ ቀርቶ፣ የበላዩ ቃል በዚያው ማኅተም ታትሞ ወደ ገበሬው ይወርድ ነበር። ማኅተሙ አልተለወጠም፤ አቅጣጫው ግን ተገለበጠ። በዚያ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ የከተማ ሠራተኛም ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ አጀንዳው ተጽፎ መምጣቱን፣ እጅ ማውጣት ብቻ መቅረቱን ያስታውሳል።

አዋጁን ያረቀቁት ሰውስ? አቶ ዘገየ በ1972 ዓ.ም. ታሰሩ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስረው በ1981 ዓ.ም. ተፈቱ። ለገበሬው ዳኝነት የመስጠትን አንቀጽ የጻፈ ሰው ለራሱ ዳኛ ፊት የመቆም ዕድል መነፈጉ የዚያን ዘመን ተቃርኖ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ትንታኔ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ስለ እስር ዘመናቸው ብዙ ማለት የእኛ ፋንታ አይደለም። ከተፈቱ በኋላ ያደረጉት ግን ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ገበሬውም ማንም ሳያዘው በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥር የነበረውን ማሳና በሬ ወዲያውኑ ተከፋፈለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታየው ይህ ድርጊት ገበሬው ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ ዝም ያለበትን መልስ በእጁና በእግሩ እንደመመለስ ነበር። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ተለወጠ፤ አቶ ዘገየም በሽግግሩ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያም ከሥልጣን ውጭ ሆነው በ1980ዎቹ ዓመታት መገባደጃ ሁንዴ የተባለውን አገር በቀል የልማት ድርጅት መሠረቱ። ሁንዴ በኦሮምኛ ሥር ማለት ነው። ድርጅቱ በኦሮሚያ ገበሬዎች ዘንድ ከሠራቸው ሥራዎች መካከል የእህል ባንክ ይገኝበታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በመኸር ወቅት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፣ በክረምት ደግሞ ጎተራው ሲራቆት ዋጋው ይሰቀላል። ገበሬዎቹ ተሰባስበው እህሉን በርካሽ ጊዜ በጋራ ጎተራ ካከማቹት በውድ ጊዜ ነጋዴው ሳይሆን ራሳቸው ይጠቀማሉ። በ1967 ዓ.ም. ለመላ አገሪቱ የጻፉት ሰው በኋላ ለአንድ መንደር ጎተራ መጨነቃቸውን እንደ መውረድ የሚቆጥር ካለ ተሳስቷል። አዋጁ ያልመለሰው ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምርቱ ወደ ማን ጎተራ ይገባል የሚለው፣ የሚመለሰው እዚያ ነው። አቶ ዘገየ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ኮሚሽነሮች አንዱ ሆነው ተሹመዋል።

አሁን ወደ ለቡ እንውረድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ፤ ለገበሬውም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ሰጠው። የአዋጅ ቁጥር 31 መንፈስ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ይሰማል። ይኸው አንቀጽ ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መንግሥት ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ ከፍሎ ንብረትን መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። እዚህ ላይ ቃላቱን ቀስ ብለን እናንብብ። ካሣ የሚከፈለው ለንብረቱ ነው፤ ለቤቱ፣ ለዛፉ፣ ለሰብሉ። መሬቱ የሕዝብ ነውና ለመሬቱ ለራሱ ዋጋ አይተመንም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት ዓመታዊ ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ እንዲከፈለው ወሰነ።

በሌላ በኩል የከተማ ቦታ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በሊዝ ይሰጣል፤ በጨረታም ይወዳደሩበታል። እንግዲህ በከተማው ዳርቻ ያለ አንድ ማሳ በአንድ አጥር ሁለት ዋጋ አለው። ገበሬው ሲነሣ የተሰላለት በኩንታል ጤፍ ነው። ተጫራቹ ሲገባ የሚከፍለው በካሬ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተፈጠረው ገበሬው ስላረሰ ወይም ተጫራቹ ስለገነባ አይደለም፤ ከተማው በማደጉ፣ መንገድና መብራት በመግባቱ፣ በጠቅላላው በኅብረተሰቡ የጋራ ጉልበት ነው። የጋራ ጉልበት የፈጠረው ዋጋ ለጋራ ጥቅም ቢውል የሚያስነቅፍ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው የካሣው ብር አልቆ፣ ለሌላ ሙያ ያልሠለጠነው ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ በተሠራ ሕንፃ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲገኝ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠማቸው አባወራዎች ጥቂት አለመሆናቸውን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ስንል ከተማ አይስፋ ማለታችን አይደለም። ሠራተኛው ቤት ይሻል። ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር መስመር ለአገሪቱ ኢኮኖሚ ያለው ጥቅም አያከራክርም፤ ሐዲድም በአየር ላይ አይነጠፍም። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ቤት የደረሰው ወዛደር ከዚያ ማሳ የተነሣው ገበሬ ባላጋራ አይደለም። አንደኛውን የሌላው ጠላት አድርጎ ማቅረብ በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚነግደውን ደላላ ከዓይን መሰወር ነው። ጥያቄያችን ውሳኔው ሲወሰን ገበሬው የት ነበር የሚል ነው። በ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ2008 ዓ.ም. የተባባሰው፣ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በመቃወም የተነሣው እንቅስቃሴ ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር አድርጓል። ጥያቄው የካሣ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብር በመጨመር በተመለሰ ነበር። ሰዎች ከጠየቁት ዋና ነገር አንዱ ስለ መሬታችን ስትመክሩ ለምን አልጠራችሁንም የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የተነሺውን ገበሬ ካሣ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገ፤ ስሌቱንም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ መሠረት እንዲያደርግ ወሰነ። እኛ ግን ከአኃዙ ይልቅ በሦስት ሌሎች ድንጋጌዎች ላይ እናተኩራለን። ባለይዞታው ከመነሣቱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከርበት ይላል። አቅም ካለው ይዞታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ ይሰጠዋል። ቅር ሲሰኝ የሚሰማው አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ያዛል። ካርዴናስ በቴሌግራፍ ሊያደርጉት የሞከሩት፣ አዋጅ ቁጥር 31 በገበሬው ሸንጎ የጀመረው ነገር በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ በደብዛዛው ይታያል። የገበሬ ማኅበሩም ቢሆን በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነበርና አንቀጾቹ በሥራ ላይ እንዴት እየዋሉ እንደሆነ ሳይጠየቅ በመጻፋቸው ብቻ መርካት አይቻልም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ጸድቋል። ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲችል ፈቅዷል። በ1967 ዓ.ም. በዋስትና ማስያዝ የተከለከለው አራጣ አበዳሪው በጓሮ በር ባለርስት ሆኖ እንዳይመለስ በመፍራት ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። በሌላ በኩል ገበሬ ያለ ብድር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መግዛት እያቃተው መኖሩም ሐቅ ነው። ስለዚህ አዲሱን ፈቃድ በጭፍን ማውገዝም ሆነ በጭብጨባ መቀበል አይበጅም። መታየት ያለበት አበዳሪው ማን ነው፣ ወለዱን ማን ይተምነዋል፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ዕዳው ምን ይሆናል፣ ስለዚህ ሁሉ ሲመከር ተበዳሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ይቀርባሉ ወይስ እያንዳንዱ ብቻውን ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል የሚለው ነው። የላጉና ገበሬዎች ይህን ጥያቄ ዘግይተው ነበር ያነሡት።

ከለቡ ጥቂት አለፍ ሲሉ ፉሪ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ይገኛል። ከተማው እየገፋ በሄደ ቁጥር ከፊቱ የሚያገኘው ማሳ አለ፤ ማሳው ላይም ሰው አለ። የተነሺዎች ዝርዝር በወረዳው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የነዋሪዎች ማኅበራት አባሎች ከማንም በፊት ሊያዩት ይችላሉ፤ ሰሌዳው በየዕለቱ የሚያልፉበት ነውና። የአንድ ዓመቱ ምክክር ተደርጓል ወይ? ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ተቋቁሟል ወይ? በጉባኤውስ ውስጥ ከተነሺዎቹ የተወከለ ሰው ተቀምጧል ወይ? ይህን ለመጠየቅ ማንም የወረዳው ነዋሪ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል፤ መልሱንም በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል።